የሶትቮልዲ አታ እጅ

መጀመሪያ የመጣው ፉጨት ነው። ገና አልነጋም። ከግቢያችን የጭቃ አጥር ማዶ አንድ ዜማ እስከ ግማሹ ይሄድና ይቆማል፤ ትንሽ ይስላል፤ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። ወፍ መሰለኝ፤ ግን የሚስል ወፍ ሰምቼ አላውቅም።

«ሐምሮቁል ነው» አለች ባለቤቴ ኢኖባት፣ ፊቷን ከትራሱ ሳታነሣ። «ወይ አብዷል ወይ ሚስት አምሮታል። ይነሡና ይዩልኝ።»

ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር አንድም ቀን «አንተ» ብላኝ አታውቅም። የምታዘኝ ሁሉ በ«እርስዎ» ነው። ትእዛዝ በአክብሮት ሲመጣ ደግሞ እምቢ ለማለት አይመችም። ተነሣሁ።

በሩን ስከፍት ሐምሮቁል ቆሟል። ጺሙን ተላጭቶ ጉንጩ እንደ ተወለወለ ሰሃን ያበራል። አናቱ ላይ አዲስ ዶፒ ደፍቷል፤ ጥልፉ ገና አልለሰለሰም፣ ቆቡ ከራሱ ጋር አልተዋወቀም።

«ምነው በጠዋት? ሰው ሞተ?» አልኩት።

«ሰው ሲሞት ይፏጫል እንዴ?»

«በአንተ ዕድሜ ያለ ሰው በዚህ ሰዓት ወይ ይስላል ወይ ይጸልያል።»

«ስያለሁ፣ ጸልያለሁም። አሁን የቀረኝ ማፏጨት ነው።»

እንዲህ ነው እሱ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከእኛ መካከል ግን ትንሹ ስለሆነ «ልጁ» እንለዋለን። እኛ የምለው በየሐሙሱ አንድ ቤት ተሰብስበን ሩዝ የምንበላውን ጓደኞች ነው። ስንጀምር መደቡ አይበቃንም ነበር፤ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይነሣ ነበር። አሁን ሦስት ቀርተናል፤ መደቡ ሰፍቶ ሰፍቶ ሜዳ ሆኗል። ታላቃችን ሶትቮልዲ አታ ናቸው፤ «አታ» አባት ማለት ነው። በእኛ አገር ወግ ዳቦውን የሚቆርሰው ታላቅ ነው፤ ታላቅ መርቆ ካላበቃ ማንም ከገበታ አይነሣም። ሶትቮልዲ አታ ይህን ሹመት ያገኙት ሌሎቹ ታላላቆች እየሞቱ ስላለቁላቸው ነው፤ ሲናገሩት ግን ተወዳድረው ያሸነፉ ያስመስሉታል።

ሐምሮቁልን አስገባሁት። ኢኖባት ሻይ አቀረበችና ወደ ጓዳ ገባች፤ ማለቴ አካሏ ገባ፣ ጆሮዋ እኛ ጋ ቀረ።

«ልጄ ወስኗል» አለ ሐምሮቁል። «ብርዱ ሳይገባ ፈርጋና ከተማ፣ ቤቱ ይወስደኛል። አራተኛ ፎቅ።»

ይህን አውቀዋለሁ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ችግሩ ደግ መሆኑ ነው። ክፉ ቢሆን እምቢ ማለት ይቀል ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ሳምንት ወስዶት ነበር፤ ሲመለስ ሐምሮቁል እንደ ታመመ ሰው ነበር። «ከሰገነቱ ስታይ የሰው አናት ብቻ ነው የሚታይህ» አለኝ ያኔ። «አናቱን አይተህ ሰላም የምትለው ሰው አለ?» ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ ከከተማችን ከማርጊላን እስከ ፈርጋና የማያውቀው ፊት የለም። አናት ግን አያውቅም።

«ቤትህ ውስጥ አብሮህ የሚኖር ሰው ካለ ግን አልወስድህም ይለኛል» ሲል ቀጠለ፤ ሲኒውን ወደ ቀኝ አዞረው፣ ወደ ግራ አዞረው። «እና እኔ… ሆሲያትን አስቤያለሁ።»

«የትኛዋን ሆሲያት?»

«ስንት ሆሲያት አለች በዚህ ሰፈር?»

አንድ ናት፤ አንድም ትበቃለች። የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ ሆና የሰፈሩን ልጆች ሁሉ እጃቸውን አስታጥባ ያሳደገች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። እስከ ዛሬ በመንገድ ሳገኛት ሳላስበው እጄን ከኪሴ አወጣለሁ።

«እሷ እኮ ታዛለች» አልኩት።

«ሠላሳ ዓመት ተሳፋሪ ሲያዘኝ ነው የኖርኩት። ለምጃለሁ።»

ከጓዳ የኢኖባት ድምፅ መጣ። «ማን ሊላክ ነው?»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የተቋጠረው። በእኛ ከተማ ለጋብቻ የሚላኩት ሴቶች ናቸው። ወንድ የሚሄደው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ለመብላት ነው። ደንቡ ኢኖባት እንድትሄድ ነበር። ኢኖባትና ሆሲያት ግን አይነጋገሩም፤ አንዷ ከአንዷ የተዋሰችው የሩዝ ብረት ድስት ተሰርጉዶ ስለተመለሰ ነው። ማን አዋሰ፣ ማን ሰረጎደ፣ እኔ ባልገባበት ይሻላል።

«እንግዲያው እርስዎና ሶትቮልዲ አታ ሂዱ» አለች ኢኖባት ብቅ ብላ። «አላህ ይርዳችሁ። ስሙኝ ግን። መጀመሪያ ደጃፏን ትጠርጋላችሁ፤ አሮጌው ወግ ነው፣ አክብሮት ነው። ሁለተኛ፣ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ‹ልናጋባሽ መጣን› አትሉም፤ ስለ ወይኑ፣ ስለ ዝናቡ ታወራላችሁ። ሦስተኛ…» እጄን ያዘችኝ። «ዳቦው። ሙሉውን ታቀርባለች፤ እሺ እስክትል ድረስ ማንም እንዳይነካው። ዳቦው ከተቆረሰ ጋብቻው አለቀ ማለት ነው። ግማሹን የእሷ ወገን ይይዛል፣ ግማሹን የእኛ። ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት ለእሷም ለእሱም ነውር ነው። የሶትቮልዲ አታን እጅ ይጠብቁ።»

«ምን ላድርግ፣ እጃቸውን ልያዝ?»

«ካስፈለገ ይያዙ።»

በሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሶትቮልዲ አታና እኔ ወጣን። ሐምሮቁል እኛ ቤት ቀረ፤ ሙሽራ ሽማግሌ ተከትሎ አይሄድም። ኢኖባት ሥራ እንዳይፈታ ብላ የሚከትፈው ሽንኩርት ሰጥታዋለች። ሶትቮልዲ አታ የሰርግ ካባቸውን ለብሰዋል፤ የእኔን መጥረጊያ ደግሞ እንደ ጠመንጃ በትከሻቸው ተሸክመዋል።

ደጃፏ ስንደርስ ደነገጥን። ተጠርጓል። መጠረግ ብቻ አይደለም፣ ውሃ ተርከፍክፎበታል። አንድ ገለባ እንኳ የለም።

«አሁን ምን እንጠርጋለን?» አሉ አታ።

«እንዲያው ለወጉ አንድ ሁለቴ ያንሸራትቱት።»

«ንጹሕ መሬት መጥረግ እብደት ነው። አላፊ አግዳሚ ምን ይለናል?» ቀና ብለው አዩ። ከበሩ በላይ ለሐር ትል ቅጠሉን የምንቆርጥለት የቱት ዛፍ ቅርንጫፉን ዘርግቷል። «ያንን ነቅነቅ አድርገው።»

«አታ…»

«ታላቅህ ነኝ። ነቅንቀው።»

ነቀነቅሁት። ቅጠሉ ወረደ፣ እንደ ጉድ ወረደ። የካባቸው ትከሻ ላይ፣ የእኔ ቆብ ላይ፣ እርጥቡ መሬት ላይ ተለጠፈ። አታ መጥረጊያውን አንሥተው ገና አንድ ጊዜ እንዳሳረፉት በሩ ተከፈተ።

ሆሲያት ናት። ቅጠሉን አየች፣ ቅርንጫፉን አየች፣ ቅርንጫፉን ገና ያልለቀቀውን እጄን አየች።

«ኒሾን አካ» አለችኝ፣ እንደ ታላቅ ወንድም አክብራ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ደጃፌን የሚያቆሽሸው ማነው እያልኩ ስገረም፣ ለካ እርስዎ ነዎት?»

«ልንጠርግ ነው» አልኩ።

«አይቻለሁ። ጨርሱና ግቡ። እጅ መታጠቢያው በስተግራ ነው።»

ታጠብን። ሁለታችንም ጥፍራችንን ጭምር አሸን። አታ ፎጣውን ሲመልሱ አጥፈው ሰቀሉት፤ ቤታቸው እንዲህ እንደማያደርጉ ሚስታቸው ምስክር ናት።

በወይኑ ሐረግ ሥር ያለው የእንጨት መደብ ላይ ተቀመጥን። ገበታው ተዘርግቷል፤ ዘቢብ፣ ለውዝ፣ ስኳር በሳህን፣ መካከል ላይ ሁለት ዳቦ፣ ክብ፣ መሃላቸው ስስ፣ ጠርዛቸው ወፍራም። እኔ ቶሎ ብዬ በአታ ቀኝ በኩል ተጠጋሁ፤ የቀኝ እጃቸው እዚያ ነው ያለው።

ሆሲያት ሻይ ቀዳች። እንግዳ ሲከበር ሲኒው አይሞላም፤ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ደጋግሞ ይቀዳለታል፤ የሞላ ሲኒ «ጠጣና ሂድ» ማለት ነው። ለአታ ከሥሩ ትንሽ አደረገችላቸው። የእኔን እስከ አፉ ሞላችው። ስለ ቅጠሉ ነው፤ ገባኝ።

ስለ ወይኑ አወራን። ስለ ዝናቡም አወራን፤ ዘንድሮ ስላልዘነበ ቶሎ አለቀ። ከዚያ አታ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጄ፣ ጉዳያችን ከባድ ነው፤ ወገንሽን ጥሪልን። ታላቅሽ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ከአንቺ በላይ?»

«ከእኔ በላይ የነበሩት ሁሉ ሞተዋል አታ። ቀበርናቸው፤ እርስዎም ነበሩ። እንግዲህ ለራሴ እናትም አክስትም እኔው ነኝ። ይናገሩ፤ ሙሽራይቱን ሄጄ እጠይቃታለሁ።»

አታ ወደ እኔ ዞሩ። እንዲህ ያለ ነገር በወጉ ውስጥ የለም።

«አንድ ልጅ አለን» ብዬ ጀመርኩ። «ጠባዩ መልካም ነው።»

«ዕድሜው?»

«ሰባ አንድ።»

«ለጋ ነው። ይጠጣል?»

«ሻይ።»

«ሥራ አለው?»

«ጡረታ ላይ ነው። ግን ጥሩ ሾፌር ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ሰው አልገጨም።»

«አንድ በግ ገጭቷል» አሉ አታ። ሽማግሌ አይዋሽም ብለው ያምናሉ።

«ያፏጫልም» አለች ሆሲያት። «ሰሞኑን በጠዋት በደጄ እያለፈ ያፏጫል። ዶሮዬ እንቁላል መጣል አቆመች።»

አታ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ የተቃና መሰለኝ። ልቤ ቀድሞ ሄዶ በሐምሮቁል ግቢ ሩዝ ሲበላ ይታየኛል። እሷ ግን አብራን አልሳቀችም። ሲኒዋን አስቀመጠችና ቀሚሷን በጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች። «የልጁን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ቤቱ ውስጥ ሰው ካላስገባ ፈርጋና ሊወሰድ ነው። እና እስቲ ንገሩኝ፣ ይህ ልጅ የሚፈልገው እኔን ነው ወይስ ደረጃ አለመውጣትን? በር የሚጠብቅ ሰው ከሆነ የፈለገው ውሻ ይግዛ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሰው ምክንያት መሆን አልፈልግም።»

ዝም አልን። አታን አየኋቸው፤ ዘቢቡን ያያሉ። እውነቱን ለመናገር ይህን ጥያቄ ሐምሮቁልን አልጠየቅነውም ነበር። ስለ መጥረጊያው ጠይቀነዋል፣ ስለ ካባው ተማክረናል። ይሄን ግን አላነሣነውም። እኔ ራሴ እንዲቀርልን ስለፈለግሁ ለምን እንደሚቀር አላሳሰበኝም። ምን ልበላት? አዎ ልበል? ብዋሽስ? ዓይኔን በወይኑ ቅጠል ላይ ተክዬ አስባለሁ።

ቀጭ አለ።

ቀስ ያለ፣ ደረቅ ድምፅ ነው። በየሐሙሱ የምሰማው ድምፅ ስለሆነ ወዲያው እንኳ አልደነገጥኩም። ቀና ስል ሶትቮልዲ አታ ከዳቦዎቹ አንዱን ለሁለት ገምሰው ግማሹን ለእሷ፣ ግማሹን ለእኔ ዘርግተዋል።

«አታ!»

እጃቸውን አዩት፤ ባለቤቱ ሳይልከው ገበያ ደርሶ እንደተመለሰ አህያ አዩት።

«እኔ አይደለሁም» አሉ። «እጄ ነው።»

«የማን እጅ?» አለች ሆሲያት።

«የእኔ። ግን አልጠየቀኝም። ሰው ዝም ሲል ዳቦ መቁረስ ለምዷል።»

ከዚያ ሁለቱን ግማሾች ገበታው ላይ አስቀምጠው በጥንቃቄ አገጣጠሟቸው። ፍርፋሪውን በጣታቸው ለቅመው በስንጥቁ ሞሉት። አልያዝ ሲላቸው የስኳሩን ሳህን አንሥተው ላዩ ላይ ጫኑበት።

«ከእኛ ከሦስታችን በቀር ያየ የለም» አሉ።

«ዳቦው ራሱ አይቷል» አለች።

«ብንበላውስ?»

ሆሲያት አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰች መስሎኝ ቆሌዬ ተገፈፈ፤ ለካ እየሳቀች ነው። ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ ከፊቷ ጠፋ። የተቆረሰ ዳቦ ቀልድ እንዳልሆነ ከእኛ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ ነገ እምቢ ብትል ወሬው የሚከተለው አታን ሳይሆን እሷን ነው።

«ልጁን አምጡት» አለች። «እኔው እጠይቀዋለሁ።»

ወደ ቤቴ ሮጥኩ ብል ማን ያምነኛል? ብቻ ፈጠንኩ። ኢኖባት ገና ስታየኝ «ቆረሱት!» አለች። «እጃቸውን ይያዙ አላልኩም?»

ሐምሮቁል ቢላዋ በእጁ፣ ዓይኑ በሽንኩርት ቀልቶ ተነሣ። «እሺ አለች?»

«አላለችም።»

«እምቢ አለች?»

«አላለችም።»

«ታዲያ ምን አለች?»

«ና ብላሃለች። እጅህን ታጠብ፤ ሽንኩርት ትሸታለህ።»

መንገድ ላይ አዲሱን ቆቡን ደጋግሞ አስተካከለ። አላፏጨም። ግቢዋ ሲገባ ማንም ሳይነግረው ወደ ግራ ታጥፎ ታጠበ፤ ከዚያ መጥቶ ከመደቡ ጫፍ፣ ግማሽ መቀመጫ ላይ ቁጭ አለ። ሳህን የተጫነበትን ዳቦ ሲያይ ፊቱ ነጣ።

«አታና ኒሾን አካ ዝም ይበሉ» አለች ሆሲያት። «ሐምሮቁል አካ፣ እኔ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። እኔን ነው ወይስ ደረጃውን?»

ሐምሮቁል ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው። የእኛ ልጅ ለሁሉም ነገር ቀልድ ነበረው፤ ለቀብር ሳይቀር። አሁን ግን ቀልዱን ተወ።

«መጀመሪያ ደረጃው ነበር» አለ በመጨረሻ። «አልዋሽዎትም። ፈራሁ። ከዚያ ማን አብሮኝ ሊኖር ይችላል ብዬ በሐሳቤ በየበሩ ዞርኩ። ከእርስዎ በፊት ሌሎች ሁለት ሴቶች አስቤ ነበር።»

«ዝም በል አንተ!» አሉ አታ በሹክሹክታ።

«እነሱን ሳስብ ደረጃው ይሻላል አልኩ። እርስዎን ሳስብ ደረጃውን ረሳሁት።»

«ይሄ የአውቶቡስ ሾፌር ወሬ ነው» አለች። «ቲኬት ሲያልቅባችሁ የምትናገሩት።»

«ይሁን።» እጁን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። «ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ልጄ ደወለልኝ። ‹አባባ፣ እዚሁ ሕንፃ ላይ ምድር ቤቱ ተለቅቋል፣ ልንቀይር ነው፤ ደረጃ የለም፣ ከበሩ ፊት መቀመጫ አለ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይጫወታሉ› አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ የኒሾን በር ላይ ነበርኩ።»

«ይህንን አልነገርከንም!» አልኩ፤ ዝም በል መባሌን ረስቼ።

«ብነግራችሁ ምን ብላችሁ ትሄዱልኝ ነበር?» አለ ወደ እኔ ሳይዞር። «ደረጃ የፈራን ሰው ሁሉም ያዝንለታል። ምንም ሳይቸግረው በሰባ አንድ ዓመቱ ሴት የወደደን ሰው ግን እስከ ሞቱ ትስቁበታላችሁ።»

እውነቱን ነው። እንስቅበት ነበር። አታ እንኳ አሁን ለመሳቅ ከንፈራቸው ዳር ዳር እያለ ነው።

ሆሲያት አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ረጅም ጊዜ አየችው፤ ሕፃን ዋሽቶ እንደሆነ ከዓይኑ ለማንበብ እንደምታይ ነው ያየችው። ሐምሮቁል ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም፣ አልሰበረምም። ከዚያ የስኳሩን ሳህን ከዳቦው ላይ አነሣች። የአታ ፍርፋሪ ምንም አልያዘም፤ ሁለቱ ግማሾች ወዲያው ተለያዩ።

አንዱን ግማሽ፣ የእኛን ወገን ድርሻ፣ ሐምሮቁል ፊት ገፋ አደረገችው። ሌላውን፣ የራሷን ወገን ድርሻ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው፣ ጫፎቹን ቋጠረች። ከመደቡ ወረደች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ሻሿን እንደገና አሰረች።

«ልጄ፣ ወዴት ነው?» አሉ አታ። «ገና አልመረቅሁም እኮ! ሳልመርቅ የሚነሣ የለም!»

 ጥቅሉን በብብቷ ሥር ይዛ፣ ሦስት ሽማግሌዎችን በገዛ ግቢዋ ውስጥ ትታ፣ በሩን ከፍታ ወደ ኢኖባት ቤት ወጣች።